የኤሊዎቹ ጉንጭ

ሰኞ፣ ጥር 23 ቀን 2003

ዛሬም አልወጣሁም። እግሬ በጀሶ ከታሰረ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ። የወደቅኩት እዚሁ የሕንፃው በር ላይ ነው፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እንኳ አልደረስኩም። ክሬሰንት ታውን የሚሉትን ሰፈራችንን ከአሥራ ስድስተኛ ፎቅ በመስኮት አጥንቼ ጨርሻለሁ፦ መኪና ማቆሚያ፣ በረዶ፣ ሌላ ፎቅ፣ በረዶ።

ልጄ ሰብለ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ኖርዝ ዮርክ ሱቅ ውስጥ ሥራ፤ የምትገባው ሲመሽ ነው። "ማሚ፣ እንዳትነቃነቂ" ብላኝ ወጣች። ወዴት ልነቃነቅ!

እንዳይሰለቸኝ ብላ ለማስተርሷ የምትሠራበትን ቪዲዮ ከፍታልኝ ሄደች። ካሪቢያን ውስጥ ያለች አንዲት ደሴት ናት፤ ባሕሩ ወደ መሬት ገባ ያለበት ቦታ ካሜራ ውኃ ሥር ተክለዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ምንም የለም፣ ሣር ብቻ። ግን አልዘጋሁትም።

ማክሰኞ፣ ጥር 24

ለካ እዚያ ታች አገር አለ። ማንግሮቭ የሚሉት ዛፍ ሥሩን እንደ እግር ዘርግቶ ባሕሩ ውስጥ ቆሟል። በሥሮቹ መሐል ጥፍር የሚያካክሉ ዓሦች ተጠጋግተው ይውላሉ። ውጭ አንድ ረጅም ጥርሳም ዓሣ ሊውጣቸው ይጠብቃል። አይወጡም። "እኔም እንደናንተው ነኝ" አልኳቸው፣ ጮክ ብዬ። ሰው ቢሰማኝ አበደች ይል ነበር።

ጠፍጣፋ፣ ጅራተ ረጅም ዓሣም አየሁ፣ አሸዋ ለብሶ ይተኛል። ፔሊካን የሚሉት ትልቅ ወፍ ከላይ ዘጭ ብሎ ገብቶ አንዱን ይዞ ወጣ፤ ደነገጥኩ።

የሰብለ ጉዳይ ግን ኤሊዎቹ ናቸው፣ የባሕሩን ሣር የሚግጡት። በዚሁ በከፈተችልኝ ቪዲዮ ውስጥ ሠላሳ አራት ቆጥራለች። ዓርብ ለፕሮፌሰሯ ታስረክባለች፣ በሰኔ ትመረቃለች። ሁለት ዓመት የለፋችበት ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 25

ሠላሳ አራት አይደሉም።

ሃያ ስምንት ዓመት የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ፈተና ሲደርስ በር ላይ ቆሜ ፎቶና ፊት የማስተያየው እኔ ነበርኩ። በወንድሙ ስም ሊፈተን የመጣ ስንቱን መልሻለሁ! ፊት አይጠፋብኝም። የኤሊ ጉንጭ ላይ ያለው ቅርፊት አቀማመጡ የአንዷ ከሌላዋ ይለያል። ደብተር ላይ ሣልኳቸው። ግራና ቀኛቸው ስለማይመሳሰል በግራ ጉንጫቸው ብቻ ያዝኳቸው። ጠዋት የመጣችው ከሰዓትም ራሷ ናት፣ በማግስቱም ራሷ። አሥራ አንድ ናቸው። ሁለቴ አረጋገጥኩ።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ዝም ማለት ግን አልሆንልኝ አለ። ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ነገርኳት። እሱ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው።

"ማሚ ፕሊስ፣ አሁን አይደለም። ዴድላይኔ ፍራይዴይ ነው። በመጠናቸው ነው የለየኋቸው፣ ፕሮፌሰሬም አፕሩቭ አድርጎታል።"

"ፕሮፌሰርሽ ፊታቸውን አይቷል?" አልኳት። ምላሴን በቆረጠው። በሯን ዘጋች።

ሐሙስ፣ ጥር 26

አላናገረችኝም። ሻይና ዳቦ አጠገቤ አስቀምጣ ወጣች። ከማኩረፏ ይልቅ ሻዩን አለመርሳቷ አንጀቴን በላው።

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። የተናገርኩት እውነት ስለሆነ ነው? ወይስ እዚህ ቤት ውስጥ ተጎልቼ የምጠበቅ ዕቃ አለመሆኔን እንድታውቅልኝ? ሁለቱም ይመስለኛል። ሁለተኛው ያሳፍራል።

ከሥራ ቀርታ ቶሎ መጣች። ደብተሩን አንሥታ ክፍሏ ገባች። ቪዲዮውን ወደፊት ወደኋላ ስታደርግ ይሰማኛል። ራት ሰዓት ላይ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች።

"አሥራ አንድም አይሞሉም፣ ማሚ። ቁጥር አራትና ቁጥር ዘጠኝ አንድ ናቸው።"

አየሁት። እውነቷን ነው። አሥር። እንዲህ ያለውን የማታልፍ መሆኗን ባላውቅ ኖሮ በእልህ ያለችው ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 27

ጠዋት ለፕሮፌሰሯ ኮል አደረገች። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ የሷን ወገን ብቻ ነው የሰማሁት፦ "የስ… የስ… አይ አንደርስታንድ።" ስትዘጋው ፊቷ አመድ መስሏል። የሁለቱ ዓመት ቪዲዮ ሁሉ እንደገና ኤሊዎቹ በጉንጫቸው እየተለዩ ይቆጠራል። የሰኔው ምርቃት ቀርቷል፤ ለሚመጣው ዓመት።

"ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ" አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ይቅር ማለቷ ይሁን አለማለቷ አልገባኝም፤ አልጠየቅኳትም።

ከእንግዲህ ካምፓስ መመላለስ አያስፈልጋትም፣ ቪዲዮው ያለው እዚሁ ነው። ወንበር ስባ ጎኔ ተቀመጠች።

"በግራ ጉንጫቸው ነው አይደል ያልሽው?"

"በግራ።"

ልጄ አንድ ዓመት ተቃጥሎባታል፤ በኔ ምክንያት። እኔ ግን ወንበሩን ስትስብ ደስ አለኝ። ነውር ነው፣ ለማንም አይነገርም። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ደስ አለኝ።