አሥራ ሦስት ከሠላሳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ፣

ውድ እታለም ሱዓድ፣ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ጅዳ ድረስ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? አሮጊቷ አሠሪሽ ዛሬም ደረጃውን በቀን አሥር ጊዜ ያስወጡሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ደህና ናት፤ ዓይኗ ደከም አለ እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ዘንድሮ በልጉ ከድቶናል።

በስልክ እየተገናኘን ምን ደብዳቤ አስጻፈህ ትዪኝ ይሆናል። በስልክ ስትስቂ አፌ ይያዛል። ደግሞም የምነግርሽ ነገር በወረቀት የመጣ ነውና በወረቀት ይሂድ።

እንደምታውቂው ኮሌጅ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። በዚህ መንፈቅ ለሰባ አራት ተማሪዎች አሳማኝ ድርሰት አዘዝኩ፤ አንድ ሰው ምረጡና በጽሑፍ አሳምኑት ብዬ። መመዘኛው የታወቀ ነው፤ መግቢያ፣ ሦስት ምክንያት፣ የተቃራኒ ወገን ሐሳብና መልሱ፣ መደምደሚያ፤ ሁሉም ከሠላሳ። ወረቀቱ ሲመጣ ግማሹ «ከጥንት ከጠዋቱ ጀምሮ» ብሎ ይነሳል፣ ለግማሹ ስልክ ጽፎለታል። ስልክ የጻፈው ያስታውቃል፤ ስህተት የለበትም፣ ሰውም የለበትም። እኔ ግን ምክንያቱ ሦስት፣ መደምደሚያውም በቦታው ስለሆነ ሃያ ሰባትና ሃያ ስምንት ስሰጥ ዋልኩ።

ዓዲላ የምትባል ከጨፋ የመጣች ተማሪ አለችኝ፤ ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም። የሷ ድርሰት «አባዬ፣ መጀመሪያ ያንተን እውነት ልናገር» ብሎ ይጀምራል። በኛ አገር ሽማግሌ ፊት ለዕርቅ እንደሚቀርብ ጨዋ ሰው፣ የራሷን ከማንሳቷ በፊት የአባቷን ነገር አንድ በአንድ አስቀመጠችለት። ጉልበቱ መድከሙን፣ አንደኛው በሬ መሞቱን፣ ወንድሞቿ ተሰደው መቅረታቸውን፣ እሷን ዓረብ አገር ትሂድ ማለቱም ክፋት እንዳልሆነ ጻፈች። ትምህርቴን ልጨርስ ያለችበት ምክንያት ግን አንድ ብቻ ነው። እሷ ሕፃን ሳለች እናቷ ታማ ከሐኪም ቤት የተሰጣት የቀጠሮ ወረቀት ሐሙስ ይላል፤ ቤት ውስጥ የሚያነብ ጠፍቶ፣ እሑድ፣ ለሰንበቴ ገበያ በሚወርዱበት ቀን ይዘዋት ሄዱ። ያኔ ነገሩ አልቆ ነበር። «አባዬ፣ ከእንግዲህ በሰፈራችን ሐሙስ በማንም ላይ እንዳያልፍ አስተማሪ ልሁን» ትልና እዚያው ላይ ታቆማለች።

እኔ ምን ብጽፍበት ጥሩ ነው? ተቃራኒ ሐሳብ በመግቢያ አይቀርብም፤ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ መደምደሚያ የለውም፤ ድርሰት ደብዳቤ አይደለም። አሥራ ሦስት ከሠላሳ፣ በቀይ። ሃምሳኛው ወረቀት ነበር፣ የምሳ ሰዓትም ደርሶ ነበር። እጄ እንኳ አላመነታም።

ልጅቷ ለካ የምሯን ኖሯል። ወረቀቱን ይዛ ጨፋ ወርዳ ለአባቷ ለጋሽ ሙሄ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችለት። አቀርቅሮ እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ዓይኑም ረጥቦ ነበር አለችኝ። ሲያበቃ በጣቱ እያመለከተ ይህ ቀዩ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። መዋሸት አታውቅም፣ መምህሬ የሰጠኝ ነው ብላ ከነቁጥሩ ነገረችው። እሱም «ያስተማረሽ ሰው ካላመነሽ፣ እኔ ማሳ ላይ የዋልኩት በምን ልመንሽ?» አላት። ይህን የሰማሁት በሳምንቱ የመልቀቂያ ቅጽ ላስፈርም ብላ ቢሮዬ ስትገባ ነው። አልወቀሰችኝም። ቅጹን ዘርግታ የምፈርምበትን ቦታ አሳየችኝ።

ድርሰቱን ተቀብዬ እንደገና አነበብኩት። አሥራ ሦስቱን ሰርዤ ሃያ ዘጠኝ ጻፍኩና በባጃጅ ጨፋ ሄድኩ። ጋሽ ሙሄ በክብር ተቀበለኝ፤ ወተትም አቀረበልኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከሰባ አራቱ መካከል ሰው ያሳመነ ድርሰት ይህ ብቻ ነው አልኩት። ቁጥሮቹን ተራ በተራ ካየ በኋላ፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የመጀመሪያውን የፈረድከው ማንም ሳያይህ ነው። ይህንን የፈረድከው አዝነህልን ነው። የትኛውን ልመን?» አለኝ።

እታለም፣ አሥራ አንድ ዓመት ማሳመን ያስተማርኩ ሰው፣ የወተቱን ዋንጫ መልሼ ወረቀቱን አጥፌ ተነሳሁ።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ አንቺን ሳስብ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሆነሽ ትምህርቴን አታስጥሉኝ ብለሽ አባባ ፊት የቆምሽ ዕለት ትዝ ይልሻል? አባባ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ወደ እኔ ዞሮ «ኑሬ፣ ተማሪው አንተ ነህ፣ የምትለው ያስኬዳል?» አለኝ። ሁለታችንን ማስተማር እንደማይችል አውቅ ነበር። ያስኬዳል ማለት ነበረብኝ፤ መሬት መሬቱን አየሁ። አንቺም እስከ ዛሬ አንድ ቀን አንስተሽብኝ አታውቂም። ያኔም ገምጋሚው እኔ ነበርኩ። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፌን አልሞላም፤ ምን ይመልሳል?

እማ ግንባርሽን ትስምሻለች፤ ዱዓዋ ካንቺ አይለይም። ባለቤቴ ፋይዛ እጅግ ናፍቃሻለች። ሙህዲን ቁመቱ አልፎኛል፤ መሪየም የላክሽላትን ጫማ አድርጋ መተኛት ሁሉ ያምራታል። ጎረቤታችን እትዬ ሰገነትም ሱዓዴን ሳሙልኝ ብለዋል።

ዓዲላ የፊታችን እሑድ ትበራለች፤ ቀጣሪዎቿ እዚያው ጅዳ ናቸው። ይህን ደብዳቤ ለሷ ሰጥቻታለሁ፤ ድርሰቷም ከነሁለት ቁጥሩ አብሮ ታጥፏል። አድራሻሽንና ስልክሽን በእጇ ጽፋ ይዛለች። ስልኳን ከቀሟት፣ በርም ከተዘጋባት፣ አንቺ ይህን ሁሉ መቼም አታነቢውም። ካነበብሽው ግን አንድ ቀን ውጪ ብለዋታል ማለት ነው፤ ሳትመለስ በፊት ምሳ አብሊልኝ።

ወንድምሽ ኑርሁሴን
ከሚሴ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.