ስወድቅ ማንም አልጎተተኝም

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎስ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ ጉልበትዎን ይይዝዎት ነበር፤ እሱስ ተሻለዎት? ጉድጓድ ቁፋሮውን ለወጣቶች ይተዉት ብንልዎትም እንደማይተዉ አውቃለሁ፤ ብቻ ውሃው ሲቀርብ ብቻዎን አይውረዱ። እኔ ደህና ነኝ። የደህንነት ቀበቶው የነከሰኝ ትከሻዬ ጠቁሮ ነበር፣ አሁን ወደ ቢጫ ዞሯል። ከዚያ በቀር ድንጋይ ነኝ።

ታናሽ ወንድሜ መልእክትዎን በስልክ ነግሮኛል። ምድር አንዴ የጠራችውን አትተውም፣ ሁለተኛ ሳትጠራሽ ሥራውን ትተሽ ነይ ብለዋል። አባባ፣ ቃልዎን አክብሬ ሰምቻለሁ፤ ግን አልመጣም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎትና ከዚያ በኋላ ይቆጡኝ።

ወንድሜ የነገረዎት ግማሹን ነው። የዚያን ቀን ጠዋት የረጅሙን ሕንፃ መስታወት እያጠብኩ ሳለ፣ የምቀመጥበትን ጣውላ ያንጠለጠለው መንጠቆ ድንገት ተከፈተና ጣውላው ከሥሬ ሄደ። ወደቅሁ። ሰው ሲወድቅ አንዳች ነገር ወደ ታች የሚጎትተው ይመስለኝ ነበር። እኔን ግን ማንም አልጎተተኝም። እንዲያውም ክብደቴ ጠፋ። ውሃ የሞላው ባልዲዬ አጠገቤ ነበር፤ አልቀደመኝም፣ አልቀደምኩትም፤ እንደ ባልንጀራ አብረን ወረድን። ክብደቴ የተመለሰው የደህንነት ገመዱ ተወጥሮ ቀበቶው ትከሻዬን ሲነክሰኝ ነው። ባልዲው ገመድ አልነበረውምና መንገዱን ቀጠለ። ደግነቱ ከታች ሰው አልነበረም።

በማግስቱ አለቃችን መጥረጊያ ሰጠኝ። ሴትና ከፍታ አይስማሙም፣ ከእንግዲህ ኮሪደር ትጠርጊያለሽ አለ። መንጠቆው ለምን ተከፈተ ብዬ ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ፣ "ስበት ነው እህቴ። ስበት አይከሰስም" አለኝ። ይህ ንግግሩ እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ዋለ። ጥፋት ሁሉ የሚላከክበትን ይህን ስበት የሚሉትን ነገር ምንነቱን ሳላውቅ አልተኛም አልኩ።

ከእኔ በላይ ባለው ክፍል ፊዚክስ የምታስተምር ሳቂታ ሴትዮ ትኖራለች፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሸክም የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን። በሯን አንኳኩቼ፣ ሰውን ወደ ታች የሚያወርደው ምንድን ነው አልኳት። በመጀመሪያ የቆየውን መልስ ነገረችኝ። ግዝፈት ያለው ነገር ሁሉ ሌላውን ይስባል፤ ምድር እኔን ስትስብ እኔም በዚያው ልክ እስባታለሁ። ስለዚህ ስወድቅ እሷም ዓይን በማያየው ቅንጣት ወደ እኔ ተነስታለች። ይህን ስሰማ፣ አይሳቁብኝና፣ ደረቴ ተነፋ።

እርስዎ ቢሆኑ ግን ወዲያው "ገመዱ የታለ?" ይሉ ነበር። እኔም እንደዚያው አልኩ። ያለ ገመድ በባዶ ቦታ እንዴት ይጎተታል? እሷም ብርቱካን አምጥታ ወገቡ ላይ ሁለት ነጥብ አደረገች፤ ከሁለቱም ወደ ጫፉ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ጎን ለጎን የጀመሩት መስመሮች ጫፉ ላይ ተገናኙ። ሁለት ጉንዳኖች በእነዚህ መስመሮች ቢሄዱ፣ ግራ ቀኝ ሳይሉ ይጋጫሉ፤ የጎተታቸው የለም፣ የጎበጠው መሬታቸው ነው። ምድርም በግዝፈቷ በዙሪያዋ ያለውን ቦታና ጊዜ ታጎብጣለች አለችኝ። ጊዜ እንኳ ከሕንፃው አናት ይልቅ መሬት አጠገብ በጥቂቱ ይዘገያል፤ የእኛ ሰዓት አይለየውም፣ እጅግ የረቀቀ ሰዓት ግን ይለየዋል። የሚወድቅ ሰው በዚያ ጎባጣ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ክብደት የምንለው ደግሞ መሬቱ ወይም ጣውላው አላሳልፍም ብሎ ከሥር ሲገፋን የሚሰማን ነው። ታዲያ ግዝፈት ለምን ያጎብጣል ስላት፣ "እሱን አላውቅም። እስካሁን በቅጡ ያወቀም የለም" አለችኝ። ከአለቃዬ "አውቃለሁ" የእሷ "አላውቅም" በለጠብኝ።

ጠዋት መጥረጊያውን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ስበት ሴትና ወንድ አይለይም፣ እኔንና ባልዲውን እኩል ነው ያወረደን፤ ጥፋቱ ተበልቶ ያለቀው መንጠቆ ነው አልኩት። ቀውላላው የምንለው የሥራ ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ ቀበቶውን ፈታ። ሌሎቹም ፈቱ። መንጠቆው ሳይቀየር አንወጣም አልን። አለቃዬ ዛተ፣ ሌላ ሠራተኛ አመጣለሁ አለ። መስታወቱ አቧራ ለብሶ ተከራዮቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ ግን አዲስ መንጠቆ መጣ። እኔን ከታች ሊያስቀረኝ ሲያመነታ፣ ቀበቶዬን አጥብቄ ቀድሜያቸው ጣውላው ላይ ተቀመጥኩ። አዲሱን መንጠቆ ሁለት ጊዜ ነካ አድርጌ አየሁት፤ አልዋሽዎትም። ጣውላው ግን ከሥሬ ወደ ላይ ሲገፋኝ ተሰማኝ፤ እስከ ማታም ሠራሁ።

አባባ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ምድር ሆድ ውስጥ ሲገቡ ሲወጡ ማንም ጠርታዎታለች አላለዎትም። እሷ ማንንም በስሙ አትጠራም። ብትጠራኝም ገና አቤት አልላትም።

አያቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ታናሽ ወንድሜ ግማሽ ወሬ መንገሩን ይተው። ትንሿ እህቴን ጥያቄ አታብዢ አይበሏት። የጎረቤቶቻችንን ደህንነት እጠይቃለሁ። እማዬን ልጅሽ ወለል ጠራጊ ሆናለች ብለው እንዳረጋጓት ሰምቻለሁ። አጠገብዎ ያስቀምጧትና ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ጀምረው ጮክ ብለው ያንብቡላት።

መስታወት አጣቢዋ ልጅዎ

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቴ ሥር
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን