የካርድ ክፍሉ ሁለተኛ መስኮት

በዕድሜም በክብርም ሁላችንን ለሚቀድሙት እናታችን፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ለቤቱ አባወራ ለጋሼ፣ ከዚያም ለአንቺ ለውድ ታላቅ እኅቴ፣ በመጨረሻም ቤቱን ከጓዳ እስከ በር በጩኸት ለሚሞሉት ልጆች፣ በያላችሁበት የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የእናታችን ጉልበት እንዴት ሰነበተ? ደረጃ መውጣቱን ይተዉልኝ ብዬ ነበር፤ እንደማይሰሙኝ ግን አውቃለሁ። የጋሼ ዓይን ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ጋዜጣ ለማንበብ በቃ? አንቺስ፣ የስፌት መኪናው ላይ ስታጎነብሺ ያ የትከሻሽ ሕመም ዛሬም ይነሣብሻል? እኔ ደኅና ነኝ። እኔ ጋ ያለችው ልጅሽም በጤናዋ ደኅና ናት፤ ምግብ ግን ለወጉ ያህል ነው የምትቀምሰው። ምክንያቱን ከዚህ በታች ታገኚዋለሽ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደውሎ፣ ልጅሽ መምህራኗን እንዳዋረደች፣ ይቅርታ ካልጠየቀችም ለረዳት መምህርነት የታሰበላት ቦታ እንደሚቀር ነግሮሻል። አንቺም ደንግጠሽ፣ «አንተ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ሰብሳቢ አይደለህም ወይ? አንድ ቃል ተናገርና አስታርቃቸው፤ እሷንም አንገቷን አስደፍተህ ይቅርታ አስጠይቃት» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኅቴ ሆይ፣ ሰውዬው የነገረሽ የነገሩን ጅራት ብቻ ነው። ከመጀመሪያው እኔ ልንገርሽ።

ይህን ኃላፊ ተማሪዎቹ «ፕሮጀክተር» ይሉታል። ከሌላ የመጣለትን አጉልቶ ያሳያል እንጂ የራሱ የሆነ አንዳች ነገር የለውም ማለታቸው ነው። ስሙን ስሰማ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን የማዝነው ለመሣሪያው ነው።

ባለፈው ዓመት ቦርዱ ፊት ቀርቦ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ገና ሳይመረቁ ከምርምር ጋር ይተዋወቁ፤ ውድ ላቦራቶሪ ስለሌለን ሲሙሌሽን በፕሮግራም እየሠሩ ይመራመሩ አለ። ሲሙሌሽን ማለት በእውን ልንሞክረው የማይመቸንን ነገር ኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ ሠርቶ ምን እንደሚሆን ማየት ነው። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ በኋላ እንደሰማሁት ደግሞ የእሱ አልነበረም። ወዲያው ፈቀድንለት።

ዓመቱ ሲያልቅ የውጤት ማሳያ ቀን ተብሎ አዳራሹ በጨርቅ ተሸለመ፤ የፊተኛው ወንበር ላይ የእኔ ስም ከውኃ ጠርሙስ ጋር ተቀመጠ። ኃላፊው ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው እየተሯሯጠ «ቀለሙን አድምቁት!» ይላል። ዓመቱን ሙሉ የሰጠው የምርምር ምክር ይኸው ብቻ እንደነበር ተማሪዎቹ ነግረውኛል። አንደኛው ቡድን የሰደድ እሳት አሳየን። ነፋሱ ምንጊዜም ወደ ወንዙ ነው የሚነፍሰው። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ አቅራቢው ኃላፊውን ሰረቅ አድርጎ አየና «ወደ መንደሩ ሲነፍስ ቀዩ ይበዛል፤ ለእንግዳ ደስ አይልም ተባልን» አለኝ። እንግዲህ የመንደር ዕጣ ፈንታ በእንግዳ ዓይን ምቾት የሚወሰንበት ምርምር ይህን ይመስላል።

ከዚያ ልጅሽ ወጣች። የሠራችው የግቢውን ክሊኒክ የካርድ ክፍል ነው። ካርድ የሚወጣበት ሁለት መስኮት አለ፤ አንዱ ቢዘጋ ወረፋ ይበዛ ይሆን ወይ ነበር ጥያቄዋ። ኮምፒውተሩ በዕድል የሚመጡ በሽተኞችን ፈጠረላትና መቶ ቀን አስመስላ አየች። መቶውም ቀን ልክ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ወረፋ የለም፣ አንድ መስኮት ይበቃል። እኔ ሙያው የለኝም፤ ነገር ግን «ሰው የሚበዛበትና የሚያንስበት ቀን አይኖርም ወይ? መቶ ቀን እንዴት መንታ ይሆናል?» አልኩ። ልጅቱ መልስ ልትሰጥ ስትል ኃላፊው ማይክሮፎኑን ከእጇ ነጥቆ «ክቡር ሰብሳቢ፣ ኮምፒውተር እንደ ሰው አይዋዥቅም!» አለ። አዳራሹ ሣቀ፤ አጨበጨበ። በሳምንቱ ሁለተኛው መስኮት በጣውላ ተመታ፤ ካርድ አውጪዋም ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች።

ልጅሽ ግን ጥያቄው ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ነበርና ፕሮግራሟን ከፍታ መረመረች። ስሕተቱን አገኘችው፤ ስሕተቱም የራሷ ነው። ኮምፒውተሩ ዕድሉን የሚጥለው ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነሥቶ ነው። ቁጥሩ ካልተለወጠ እነዚያው በሽተኞች በዚያችው ደቂቃ ይመጣሉ። ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ግድፈት ሲለቅሙ ሆን ብለው ቁጥሩን ያስሩታል፤ እሷም አስራው ነበር፤ መፍታቱን ግን ዘነጋችው። ስለዚህ መቶ ቀን ያለችው አንዲት ቀን ስትደጋገም ነበር፤ ያቺም ቀን እንደ አጋጣሚ ቀላል ቀን ነበረች። ቁጥሩን ፈትታ እንደ አዲስ ብታየው በአብዛኛው ቀን ወረፋው ደጅ ወጣ። ይህ አልበቃ ብሏት ክሊኒኩ ድረስ ሄደች። ሰው እስከ ግቢው አጥር ድረስ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ አንዲት እናት ትኩሳት ያለበት ሕፃን ታቅፋ ግንቡን ተደግፋለች።

ዕለቱን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገብታ «ውጤቴ ስሕተት ነው፤ ላርመው» አለች። እስቲ መልሱን ስሚ፦ «አንቺ ልጅ፣ እንግዳ ካጨበጨበ በኋላ ውጤት አይሳሳትም።» ቀጥሎም ለስለስ ብሎ «ደግሞስ ምን አስጨነቀሽ? የናንተ እኮ ምርምር ለመለማመድ ያህል ነው» አላት። «ታዲያ መምህር፣ መስኮቱን ለመለማመድ ያህል ነው የዘጋችሁት?» አለችው። አዋረደችኝ ያለሽ ይህችን ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሰው ላይ የሚወርድ ምን ክብር እንደነበረ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ኃላፊ ሄደች፤ ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን አሳየቻቸው። ሴትዮዋ ተመልክተው ብዙም ሳይናገሩ ጣውላውን አስነሡ። ፕሮጀክተር ይህን ሲሰማ ስሟን ከቦታው አወጣ። እንዲመልሰው ያቀረበው ቅድመ ሁኔታ ደግሞ አንቺ እንደመሰለሽ ተራ ይቅርታ አይደለም። በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ቆማ «የተሳሳትኩት በእርማቴ ነው፤ የመጀመሪያው ውጤት ትክክል ነው» እንድትል ነው። ይህን ባለች ማግሥት መስኮቱ እንደገና እንዲዘጋ ለክሊኒኩ አስቀድሞ አስታውቋል። የተማረ ሰው ለአንድ ጭብጨባ ሲል በሽተኛ ፀሐይ ላይ ሲያቆም አይቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን አየሁ።

ስለ እኔ ሥልጣን ላነሣሽው፣ ጉዳዩ ቦርድ ፊት ሲቀርብ ወንበሬን ለምክትሌ እለቃለሁ፤ የእኅቴ ልጅ ናትና። እሱን ለመቅጣትም ሆነ እሷን ለማትረፍ አንድ ቃል አልናገርም። ቦታው ላይመለስላት እንደሚችል አልደብቅሽም። ዓመታት ስፌት ላይ ያጎነበስሽው ይህን ቀን ለማየት እንደሆነም አልረሳሁም።

ዛሬ ቁርስ ላይ ምን እንዳሰበች ጠየቅኋት። «አጎቴ፣ ለእሱ ብዬ አልልም። እማዬ ግን በስልክ እያለቀሰች በይ ካለችኝ እላለሁ፤ እሷን እንዴት እምቢ እላለሁ?» አለችኝ። ለፕሮጀክተር ያላጎነበሰ አንገት ላንቺ ያጎነብሳል፤ ሰውዬውም ይህንን ስላወቀ ነው እኔን ትቶ ወዳንቺ የደወለው። አደራሽን እኅቴ፣ ደውይላት፤ አታልቅሺባት።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ለጋሼ ጤናና ብርሃነ ዓይን እመኛለሁ። ትልቁ ልጅ ትምህርቱን እንዲያጠብቅ፣ ትንሿም ወንድሟን መቧጨር እንድትተው አጎታችሁ ብሏል በይልኝ። ይህን ሁሉ ታግሠሽ ስላነበብሽልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እጅሽ የነካው ሥራ ሁሉ እንዲቃናልሽ፣ ቤታችሁም በሰላምና በስኬት እንዲመላ እመኛለሁ።

አክባሪ ታናሽ ወንድምሽ

ከዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ከቦርዱ ጽሕፈት ቤት
ሐምሌ ፱ ቀን