ሳይቀዳ ስለተመረመረው ደም

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን የደም ባንክ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉበትዎን አምላክ ይጠብቅልዎ፤ የልጅ ልጄን ጉበት መጠበቅ ግን ለእርስዎ የተሰጠ አደራ ነበር።

ልጅቷ ቀይ የደም ሕዋሷ እንደ ማጭድ የሚቆለመምበት ሕመም አብሯት ስለተወለደ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ከረጢት ደም ወስዳለች። ለለጋሾቹ ሁሉ ዕድሜ ይስጥልኝ። ባለፈው ወር ሌላ ቦታ ስትመረመር የጉበት ቫይረስ ተገኝቶባታልና፣ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። በመጨረሻው ከረጢት ላይ ደሙ የተቀዳው በወሩ አሥራ ሁለት ቀን እንደሆነ ተጽፏል፤ «ተመርምሮ ነጻ ሆኗል» የሚለው ማኅተም ግን አሥር ይላል። በእኛ ዘመን መልሱን ከጥያቄው በፊት የጻፈ ተማሪ ይገረፍ ነበር፤ በእርስዎ ዘንድ ግን ደሙ ገና በሰው ክንድ ውስጥ እያለ ይመረመራል። ይህንኑ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎ ሳሳያቸው «እማማ፣ መነጽርዎን ያስቀይሩ» አሉኝ። አስቀየርኩ። አሥሩ አሁንም አሥር ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ትጋትዎ። የመመርመሪያው ኪት ካለቀ ሁለት ወር እንዳለፈው በበራችሁ ላይ ለጥፋችኋል። ሥራ እንዳይጓተት ግን ማኅተሙ በባዶ መለያ ወረቀቶች ላይ ጠዋት ጠዋት በጥቅል ሲመታ በመስኮቱ በኩል በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ለልጅቷ በየስድስት ወሩ ሊደረግላት ይገባ የነበረውን የቫይረስ ምርመራ አራት ዓመት ሙሉ ባለማድረጋችሁ፣ ቫይረሱ ከየትኛው ከረጢት እንደመጣ ማንም አያውቅም። ሰው ያለ ማስረጃ ከመወንጀል ኃጢአት ስለጠበቃችሁኝ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ጨዋነታችሁ። ሐኪማችሁ የቫይረሱን ምንጭ ሲያጣሩ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷን ልጅ ከማን ጋር እንደምታመሽ ጠየቋት። አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ እስከ ዛሬም ቀና ብላ አላየችኝም። ከአርባ አንድ የማታውቃቸው ሰዎች ጋር ያገናኛችኋት እናንተ መሆናችሁን ለሐኪሙ ያስታወስኳቸው እኔ ነኝ።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ሹመትዎ እንዲያጥር ከልብ የምመኝ፣

አክባሪዎ፣ የታማሚዋ አያት

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ዕለት አርባ ሁለተኛውን ለመውሰድ እንመጣለን፤ ካልወሰደች እንደምትሞት እርስዎም እኔም እናውቃለን። ኪቱ እስከዚያ ካልመጣ ማኅተሙን ይተዉትና «አልተመረመረም» ብለው በገዛ እጅዎ ጽፈው ይፈርሙበት። ልጅቷ እያወቀች ክንዷን ለመዘርጋት ቆርጣለች፤ እርስዎም እያወቁ ለመፈረም ይቁረጡ።