አፈርን በአመድ ያጸኑት የኢንጂነር አያንቱ ሮበሌ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር አያንቱ ሮበሌ ከአባታቸው ከአቶ ሮበሌ ዳዲ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሞልቱ ጉተማ በ1979 ዓ.ም. በላፍቶ ተወለዱ። ያኔ ላፍቶ የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነበር። የቤተሰቡ ቤት የቆመው ዋልካ ላይ ነውና አፈሩ ክረምት አብጦ በጋ ሲሰነጠቅ ግድግዳውም አብሮ ይሰነጠቅ ነበር። አያንቱ ከአባታቸው ጋር ጭቃ እያቦኩ ግድግዳ ሲደፍኑ አደጉ።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ2002 ዓ.ም. በሲቪል ምህንድስና ተመረቁ። በ2005 ዓ.ም. ከአቶ ኢያቄም መኩሪያ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ጸደንያንና ናዝሬትን ወልደዋል።

ለሁለተኛ ዲግሪያቸው ያጠኑት የቡና ገለባ አመድን ነው። አመዱ ከጥቂት ኖራ ጋር ዋልካ ውስጥ ሲደባለቅ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ እንዳያብጥ ያደርገዋል። አባታቸው ይህን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ሰው ያለው ሲጠፋበት አመድ ሆነ ይላል፤ አንቺ በአመድ ቤት ልታቆሚ?» ብለው ሳቁ። አያንቱ ግን ገለባውን በጆንያ እያስጫኑ፣ ግቢ ውስጥ እያቃጠሉ፣ ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ ይውሉ ነበር። የመጀመሪያው ድብልቅ ፈረሰባቸው፤ ቀጥሎ የሠሩትም እንደዚያው። በ2015 ዓ.ም. ግን በለቡ አንድ የመንደር መንገድ በዚሁ ድብልቅ ተሠርቶ ክረምቱን ሳይሰምጥ አለፈ። አቶ ሮበሌ በከዘራቸው እየመቱ ተራመዱበትና «ረታሽኝ» አሏቸው።

ኢንጂነር አያንቱ ታመው አያውቁም። ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ልጆቻቸውን ስመው፣ «ለምሳ እመጣለሁ» ብለው ወጡ። ለሥራ ለቡ ሲደርሱ፣ ለአንድ ሕንፃ መሠረት በተቆፈረ ጉድጓድ አፋፍ ላይ መሬቱ ሲከፈት አዩ። ውስጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። «ውጡ! አፈሩ መጣባችሁ፣ ውጡ!» እያሉ ሮጡ። ሁሉም ወጡ። የመጨረሻውን ሰው፣ አቶ ቦጋለን፣ እጃቸውን ይዘው ሲስቡ አፋፉ ከእግራቸው ሥር ተናደ። አቶ ቦጋለ ተረፉ፤ ዛሬ ከእኛ ጋር ቆመው ያለቅሳሉ። አያንቱን አፈሩ ዋጣቸው። ተቆፍረው ሲወጡ ነፍሳቸው አልፋ ነበር።

ይህ የሆነው ትናንት ነው። ይህን የጻፉት ታናሽ ወንድማቸው በንቲ «ነበሩ» የሚለውን ቃል ጽፈው፣ ሰርዘው፣ መልሰው ጻፉት። ወላጆቻቸው የልጃቸውን ቀብር ያያሉ ብሎ ማን አሰበ? ትንሿ ናዝሬት ምሳ አልበላም ብላ በር በሩን ታያለች።

አምላክ ሆይ፣ ሰው ለማውጣት የዘረጉትን እጃቸውን አንተ ያዝልን፤ ነፍሳቸውን በቤትህ አሳርፍ፤ ልጆቻቸውን ከአባታቸው ጋር አጽናልን። አሜን።