ያፈላሁት የኩሬ ውሃ

ሞላሌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሌምዬ ልጄ፣ ሐዋሳ እንዴት ይዞሻል?

ከጎረቤታችን ከእትዬ ኮከቤ ልጀምርልሽ። ጉልበታቸው ተሽሏቸው እሑድ ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመዋል። የልጃቸው የአዳነ ጋብቻ ግን ፈረሰ። ሽማግሌዎች ዘር ቢቆጥሩ ከልጅቷ ጋር በአምስተኛው ቤት ተገናኙ። ድግሱ ተጠንስሶ ነበር፤ ጠላውን እኛው እየጠጣን አዘንላቸው።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። በስልክ ልነግርሽ እያልኩ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። በሰኔ የላክሁልሽን የኩሬ ውሃ «ምንም ሕይወት የለበትም» ብለሽ ስታዝኚ ዝም ያልኩት ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ነው። ከብት የረገጠውን ውሃ እንዴት ለልጄ እልካለሁ ብዬ አፈላሁት፤ በነጠላም አጠለልኩት። የምታጠኛቸውን ጥቃቅን ፓራሜሲየሞች ፈጅቼ ንጹሕ ውሃ ላክሁልሽ።

ያስረዳሽኝን ግን አልረሳሁም። እነዚያ ዙሪያቸውን ፀጉር የለበሱ፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶችሽ ለብቻቸው ለሁለት እየተከፈሉ ብቻ ሲበዙ ስህተት ይጠራቀምባቸዋል፣ ዘሩም ያረጃል። ዝምድና ከሌለው የራሳቸው ዓይነት ጋር ተገናኝተው ዘራቸውን ሲለዋወጡ ግን ልጅነታቸው ይመለሳል። ይሄማ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ አባትሽም ነፍሱን ይማርና አውራ በጉን ከቀየት አገር ሰዎች ጋር የሚለዋወጠው በጉ እንዳይኮሰምን ነበር።

አሁን ያሉሽ አርጅተው መከፈል እያቆሙ ነው፣ እነሱ ካለቁ የሁለት ዓመት ጥናቴም አለቀ ብለሽኝ ነበር። የምታገናኚያቸውን እንግዳ ከእኛው ኩሬ ነበር የጠበቅሽው።

ይኸው በሁለት ሃይላንድ ከነጭቃው፣ ከነቅጠሉ ልኬልሻለሁ። ላጥልለው ላጥልለው እያለኝ እጄን ይዤ ነው። መቆጣትሽ ካልቀረ መጥተሽ ተቆጪኝ።

የልፋትሽን ፍሬ በዓይንሽ ያሳይሽ፤ ያመንሽው አይክዳሽ።

ልዘጋው ስል አብሮሽ የተማረው መምህር አፈወርቅ ገባ። ለስልጠና ወደዚያው ስለሚሄድ ውሃውን የሚያደርስልሽ እሱ ነው። ትናንት ጠብታ ወስዶ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ አይቶት ኖሯል። ሞልተዋል፣ ይሯሯጣሉ፣ ሁለቱ እንዲያውም ተለጣጥፈው ቆመዋል አለኝ።

«እነዚያ ሁለቱ ሊታደሱ ነዋ?» አልኩት።

«አዎ፣ ራሳቸው።»

ለእኛስ ምነው እንዲህ ባደረገልን ስለው፣ አየር እንዲገባ ክዳኑን እያላላ ሳቀ።

«እኛማ እናረጃለን፣ እትዬ ወለተኪዳን» አለኝ። «አዲስ የሚሆነው የወለድነው ነው።»

እናትሽ ወለተኪዳን