ለእናትህ የላክኸው ሕንፃ

አልአዛር፣

ሐዋሳ የመጣሁት ሐይቁ ዳር ልዝናና ነበር፤ እናትህ ግን ግንበኛ አደረጉኝ። ብቻቸውን ሲሆኑ እንዳይደብራቸው ብለህ በእኔ እጅ የላክኸውን ተገጣጣሚ የመጫወቻ ሕንፃ ገና እንደከፈቱት፣ ጥቃቅን ጡቦቹን ሰፌድ ላይ ዘርግፈው እንደ ምስር አስለቀሙኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ዕቃው ግሩም ነው። በረንዳ አለው፤ ታች ዳቦ ቤት አለው። የመብራቱ ሽቦ በየወለሉ ሥር ተደብቆ ስለሚያልፍ፣ ማብሪያውን ስትጫነው ክፍሉ ሁሉ ቦግ ይላል። ደረጃው ሳይቀር! አንተ ኮንዶሚኒየም ስንመጣ ደረጃውን በስልክ መብራት እየተደናበርን እንደምንወጣ ነገርኳቸው፤ ሳቁብህ።

አንድ ነገር ግን ቅር ብሏቸዋል። «ወጥ ቤት የለውም እኮ! ዳቦውን በምን ሊበሉት ነው?»

በመጨረሻ ጣሪያው ብቻ ቀረ። ልገጥመው ስል እናትህ እጄን ያዙኝ።

«ተይው ሮሆቦት። ለፊቼ በዓል እመጣለሁ ብሎኝ ቀረ፤ እሱን ራሱ መጥቶ ይግጠመው።»

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የእናትህ ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም ብለውሃል፤ እኔም ናፍቀኸኛል። ሕንፃው ሳሎን ውስጥ ያለ ጣሪያ በርቶ ተቀምጧል። ክረምት ሳይገባ ድረስለት።

ሮሆቦት